ጀሶ ከታሰረ በኋላ ሕመሙ ለምን ይብሳል? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ

የፍራንኮዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ትናንት ከሰዓት እዚሁ አዳማ ባጃጅ ተገልብጦበት ቅልጥሙ ተሰበረ። ራጅ ተነሳ፣ ጀሶ ታሰረለት፣ ማስታገሻ ይዘን ማታ ወደ ቤት ገባን። ሌሊቱን ሙሉ ግን አልተኛም። ትራማዶል ወስዶም ያቃስታል፣ ከንጋት ጀምሮ ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። ጣቶቹ አብጠው ቆዳቸው ያብረቀርቃል። በአውራ ጣቱና በቀጣዩ ጣት መሀል ደነዘዘኝ ይላል። እናቴ "ጀሶው ነው የገደለው፣ አስፈትተን ወጌሻ ጋ እንውሰደው" ብላ ነጠላዋን ለብሳ ተነስታለች። ጎረቤቶች ደግሞ ስብራት እንዲህ ነው፣ ቻል ያድርገው እያሉ ነው። ቀጠሮው ሰኞ ነው። እንጠብቅ?

ሲስተር ነኝ፦
እህቴ፣ ሰኞ አይጠበቅም። አሁኑኑ ባጃጅ ጥሪና ድንገተኛ ክፍል አድርሺው። ቀሪውን መንገድ ላይ ታነቢዋለሽ።

ስብራት በጀሶ ከተያዘና ማስታገሻ ከተወሰደ በኋላ ሕመሙ ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት። እየጨመረ ከሄደ፣ በዚያ ላይ ድንዛዜ ካለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኮምፓርትመንት ሲንድሮም የሚባለው ነው። ከጉልበት በታች ያሉት ጡንቻዎች በማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን በ4 ክፍል ተከፋፍለው ነው የተቀመጡት። አጥንት ሲሰበር እዚያ ውስጥ ደም ይፈሳል፣ ጡንቻው ያብጣል። ሽፋኑ ስለማይሰፋ ግፊቱ ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ይጨፈልቃቸዋል፣ ላዩ ላይ ጀሶ ሲጨመርበት ደግሞ እብጠቱ ጭራሽ መሄጃ ያጣል። ጡንቻ ደም ሳያገኝ 6 ሰዓት አካባቢ ከቆየ መሞት ይጀምራል፣ የሞተው ደግሞ አይመለስም።

ጣቱ ሞቃት ነው፣ የደም ምቱም አለ ተብላችሁ እንዳትዘናጉ። ምት የሚጠፋው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። እግሩን በትራስ ከፍ አታድርጉት፣ ከልቡ ጋር እኩል ይሁን። አትሹት። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ስለሚችል የሚበላም የሚጠጣም አትስጡት። እዚያ ስትደርሺ አትፈሪ፣ "ማስታገሻ ወስዶም ሕመሙ እየባሰ ነው፣ ጣቱም ደንዝዟል" ብለሽ ጮክ ብለሽ ተናገሪ።

የወንጂ ልጅ፦
እናትሽን በፍቅር ለምኛት እንጂ ወጌሻ ጋ እንዳትሄዱ። እኔ ወጌሻን አልሰድብም፣ ወለምታዬን አሽተው ያዳኑኝ አሉ። ግን የእህቴ ልጅ በ9 ዓመቱ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር በሸምበቆ ጥብቅ አድርገው አሰሩት። ሁለት ቀን አለቀሰ፣ በሦስተኛው ቀን ዝም አለ። እኛ ተሻለው ብለን ደስ አለን። ለካ ዝም ያለው እጁ መሰማት ስላቆመ ነው። ሆስፒታል ሲፈቱት የገመዱ ቅርጽ ቆዳው ላይ ታትሞ ቀርቷል፣ ጣቶቹም ጠቁረዋል። ከክርን በታች ተቆረጠ። አሁን በግራ እጁ ይጽፋል፣ ጎበዝ ተማሪ ነው፣ ግን ያቺ ሦስተኛ ቀን ከአእምሮዬ አትወጣም። ሸምበቆም ይሁን ጀሶ፣ እያበጠ ባለ እጅና እግር ላይ ከጠበቀ ያው ነው። ፍጠኑ።

የፍራንኮዋ፦
ማታ ነው የምጽፈው፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ አልያዝኩም። ሐኪሙ አውራ ጣቱን በሁለት ጣቱ ይዞ በቀስታ ወደ ታች ሲስበው ወንድሜ ክፍሉን በጩኸት ሞላው። ወዲያው ጀሶውን ከነጥጡ እስከ ቆዳው ድረስ ሰነጠቁት። ትንሽ ቀለል አለው፣ ግን ሕመሙ አልቆመም። ከዚያ ኦፕራሲዮን አሉ። ፈርሙ ሲሉን የእናቴ እጅ ስለተንቀጠቀጠ እኔ ፈረምኩ። ባቱን ግራና ቀኝ በረጅሙ ቀደዱት፣ ጡንቻው ግን ቀይ ነው፣ ሕይወት አለው ብለውናል። አንድ ነገር ግን አስጨንቆናል። ቁስሉን ሳይሰፉት በጎዝ ሸፍነው ተዉት። ረስተው ነው?

ሲስተር ነኝ፦
እልልልል! ቀይ ነው ካሉሽ በጊዜ ደርሳችኋል። አልረሱትም። ዛሬ ቢሰፉት ያው ግፊት ይመለሳል። እብጠቱ ሲወርድ፣ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ እንደገና አይተው ይዘጉታል። አልገጥም ካለ ከታፋው ስስ ቆዳ ወስደው ይሸፍኑታል። ዋናው ነገር ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ነው፣ ስለዚህ ጠያቂ ሁሉ እየመጣ ጎዙን አይግለጥ። ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ ወይ ካነሰ ቶሎ ንገሪያቸው፣ የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። በሚቀጥሉት ሳምንታት ደግሞ ድንገት ትንፋሽ ካጠረው ወይ ደረቱን ከወጋው የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል አሁንም ድንገተኛ ክፍል።

የፍራንኮዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር። ለእናቴ አነበብኩላት። አሁን ከአልጋው ሥር ተቀምጣ በየአምስት ደቂቃው "እስቲ ጣትህን አንቀሳቅስ" ትለዋለች። ያንቀሳቅሳል።