ከአንገረብ ዳር ያመጣሁት አርጃኖ ምግብ እንቢ አለኝ

የማራኪ ልጅ፦ ሰላም ወገኖች። ልጆች እዚህ ጎንደር አንገረብ ወንዝ ዳር በድንጋይ ሲወግሩት ደርሼ ያስጣልኩት አርጃኖ (ያ ትልቁ የእንሽላሊት ዘመድ) ቤቴ አለ። ክንድ ያህላል። የኋላ እግሩ ቁስል ደርቋል፤ ግን አይበላም። ጥሬ ሥጋ ሳቀርብለት ምላሱን ብልጭ አድርጎ ወደ ጥግ ይሸሻል። ዓይኑ ጎድጉዷል። አንጀቴን በላው። ምን ላድርግለት?

ከጎርጎራ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሙቀት! እሱ እንደኛ የራሱን ሙቀት አያመነጭም። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ሌሊቱ ይበርደዋል። ካልሞቀው የበላውም አይፈጭለትም። ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርግና አምፖል ከላይ አንጠልጥል፤ እሱ ግን እንዳይደርስበት። የድንጋዩ ላይ ከ45 ዲግሪ በላይ ይሙቅ። በሌላው በኩል ቀዝቀዝ ያለ መደበቂያ ይኑረው፤ ካርቶንም ይበቃል። ዓይኑ የጎደጎደው ውሃ አጥሮት ይሆናል። ሙሉ ሰውነቱ የሚገባበት ሳፋ ለብ ያለ ውሃ ስጠው።

የከብት ሐኪሟ፦ ልክ ነው። በዱር የሚበላው አሳ፣ እንቁላል፣ ፌንጣ፣ አይጥ ነው። አሳውን በተመታ እንቁላል ቀባና አስቀምጠህለት ዞር በል። ሰው ቆሞበት አይበላም። በግድ እንዳታጎርሰው፣ አደራ! ድንጋዩ ውስጡን ጎድቶት ሊሆን ስለሚችል ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ጋ አሳየው። ከነካኸው በኋላ እጅህን በሳሙና ታጠብ፤ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል።

የማራኪ ልጅ፦ ተባረኩ። አምፖሉን ዛሬውኑ እሰቅላለሁ። ሐኪም ጋ በምን ልውሰደው? ጆንያ ያፍነዋል ብዬ ፈራሁ።

የከብት ሐኪሟ፦ ክዳኑ የተበሳሳ የፕላስቲክ ሳጥን፣ ከሥሩ ፎጣ።