ፍኖተ ሰላም ላይ የትኛውን የአቮካዶ ዝርያ ልትከል?

የጃቢው፦
ሰላም ናችሁ? ፍኖተ ሰላም ዙሪያ ግማሽ ሄክታር የምትሆን የመስኖ መሬት አለችን። እስካሁን በቆሎና በርበሬ ነበር የምናመርትባት። አባቴ ባሕር ዛፍ ካልተከልንባት ብሎ ነበር፣ በስንት ልመና ወደ ፍራፍሬ መለስነው። አሁን ግራ የገባን ዝርያው ነው። አንዱ ሃስ ይለናል፣ ሌላው ፉርቴ፣ ሌላው ኤቲንገር። ጎረቤታችን ጋ ደግሞ ዝም ብላ ከፍሬ የበቀለች አንዲት ዛፍ አለች፣ ቅርንጫፏ እስኪሰበር ነው የምታፈራው። የምፈልገው ብዙ ምርት እንዲሰጥ ነው፣ ደግሞም ቤት ላሉት ልጆች ምግብነት ያለው ይሁን። ማንጎም የሚያዋጣ ከሆነ ንገሩኝ።

ችግኝ አፍይ፦
መጀመሪያ አፈርህን እይ። ቀይ አፈር ከሆነ ጥሩ ነው። ዋልካ ከሆነና ክረምት ላይ ውኃ የሚተኛበት ከሆነ ግን የትኛውም ዝርያ አያድንህም፤ የአቮካዶ ሥር ውኃ ውስጥ ከቆየ ይበሰብስና ዛፉ ከጫፉ እየደረቀ ይሄዳል። ሌላ ቦታ ከሌለህ አፈሩን ጉብታ አድርገህ እላዩ ላይ ትከል።
ዋናው ሃስ ይሁን፣ ብቻውን ግን አትትከለው። የአቮካዶ አበባ ጉደኛ ነው። አንዷ አበባ ሁለቴ ትከፈታለች፣ መጀመሪያ ሴት ሆና፣ በማግስቱ ወንድ ሆና። ሃስ ሴት ሆኖ የሚከፈተው ጠዋት ነው። ፉርቴና ኤቲንገር ጠዋት ወንድ ናቸው፣ ሴት ሆነው የሚከፈቱት ከሰዓት ነው። ቀላቅለህ ስትተክል ንቧ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትመላለስ ፍሬ የሚይዘው አበባ ይበዛል። ለስምንት ዘጠኝ ሃስ አንድ ኤቲንገር ይበቃል። 7 በ7 ሜትር ካራራቅኸው መሬትህ 100 ዛፍ ገደማ ይይዛል። ቀፎ ካለህ እዚያው አስቀምጠው፣ ማሩ ትርፍ ነው።

ዳሞቴ፦
ሁሉም ሃስ ሃስ ይላል እንጂ ማን እንደሚገዛህ አልጠየቁህም። እኔ ወደ ባሕር ዳር ነው የምጭነው። ጭማቂ ቤት የሚፈልገው ትልልቁን ነው። ሃስ መጠኑ ትንሽ ነው፣ ደግሞ ሲበስል ቆዳው ይጠቁራል። የማያውቅ ገዢ አገላብጦ ያየውና «ይሄማ ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሰዋል። ቆጋ መስኖ አካባቢ እንዳሉት ለውጭ ገበያ የሚረከብህ ካለ ትከለው። ከሌለህ እኩል በእኩል አድርገው። የጎረቤትህንም ዛፍ አትናቅ።

ችግኝ አፍይ፦
@ዳሞቴ ገበያው ላይ እውነትህን ነው። የጎረቤትየው ዛፍ ግን ፍሬዋ ቢተከል እሷን አትወጣም። ልጁ እናቱን ላይመስል ይችላል፣ እስኪያፈራም ዓመታት ይፈጃል። ከእሷ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ሌላ ችግኝ ላይ ቢዳቀል ነው ራሷን የምታገኘው፣ እንዲያ ከሆነ በሦስት በአራት ዓመት ፍሬ ታያለህ። ደግሞ በአንድ ዓመት ምርት አትፍረድ። አቮካዶ አንድ ዓመት ሸክሙን ይሰጥና በማግስቱ ዓመት የሚያርፍ ዛፍ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ተከታትለህ፣ ባረፈችበትም ዓመት የማታሳፍርህን ምረጥ። ፍሬዋንም ቅመሳት፣ ትልቅ ሆኖ ውኃ ውኃ የሚል አለ። ቅባቱ ነው ምግቡ።

የደጋዋ፦
የልጆቹን ነገር ሁላችሁም አለፋችሁት። አቮካዶ ቅባት እንጂ ቫይታሚን ኤ እምብዛም የለውም። ለዚያ ማንጎ ትከል፣ ሥጋው ጠቆር ያለ ብርቱካንማ የሆነውን። ኬንት የሚባለው የማንጎ ዝርያ ቃጫ የለውም፣ ልጆች ይወዱታል። ቶሚ አትኪንስ የሚባለው ደግሞ መልኩ ያምራል፣ መንገድም ይችላል፣ ለጣዕም ግን እኔ አልመርጠውም። የማንጎ ችግኝ ስትገዛ ቅጠሉን ከላይም ከሥርም እይ። ነጫጭ ነጠብጣብ ካለበት ተወው። በ2010 እ.ኤ.አ. ወለጋ ላይ የታየው ነጭ ተባይ ነው፣ ይዘኸው እንዳትገባ። አጥሩ ጥግ ሁለት ዘይቱን (ጉዋቫ) ጣል አድርግ፤ ቫይታሚን ሲው ከብርቱካን አራት እጥፍ ይበልጣል፣ እንክብካቤም አይፈልግም። ጎመን ስትሠሩ አቮካዶ አብራችሁ አቅርቡ፣ የጎመኑን ቫይታሚን ኤ ሰውነት የሚወስደው ቅባት ሲኖር ነው።

የጃቢው፦
እግዜር ይስጥልኝ። አፈሩ ቀይ ነው፣ ታች ጫፉ ብቻ ውኃ ይይዛል። አንድ ነገር ልጨምር፣ ችግኙ በትክክል የተዳቀለ መሆኑን በምን ልወቅ? ባለፈው ዓመት ጎረቤቴ የተዳቀለ ነው ተብሎ የገዛው ተራ ሆኖ ተገኝቷል እየተባለ ነው።

ችግኝ አፍይ፦
ግንዱን ከሥሩ ወደ ላይ በጣትህ ዳስሰው። ከመሬት አንድ ስንዝር ገደማ ላይ ጠባሳ ወይም እብጠት ታገኛለህ፣ ከዚያ በላይ የግንዱ ቀለም ትንሽ ይለያል። ከጠባሳው በላይ ያለው ደርቆ ከታች አዲስ ቀንበጥ አውጥቶ ከሆነ ያ ተራው ነው፣ አትግዛው። ምናልባት ጎረቤትህም የገጠመው ይኸው ነው። ስትተክል ጠባሳውን አፈር አታልብሰው። ከሥሩ የሚወጣውን ቀንበጥ ሁሉ ገና ለጋ ሳለ በእጅህ ቀንጥሰው።