በ«ዳርከስት አወር» ፊልም ቸርችል የቀረበበት መንገድ ለተማሪዎች ይጠቅማል ወይስ ያሳስታል?

ዓባይ ማዶ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተማሩትን በምስል እንዲያዩት ጆ ራይት ያዘጋጀውንና እ.ኤ.አ. በ2017 ለእይታ የበቃውን «ዳርከስት አወር» ላሳያቸው አስቤያለሁ። ፊልሙ ዊንስተን ቸርችል በግንቦት 1932 ዓ.ም. የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆነበት ቀን ጀምሮ የብሪታንያ ሠራዊት ከፈረንሳይ የባሕር ጠረፍ ከደንከርክ እስከወጣበት ጊዜ ያሉትን ጥቂት ሳምንታት ይተርካል። ጥርጣሬ ያሳደረብኝ የባቡሩ ትዕይንት ነው። ቸርችል ከመኪናው ወርዶ በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ይሳፈራል፤ ተሳፋሪዎቹ ከሂትለር ጋር መደራደርን ፈጽሞ እንደማይቀበሉ ሲነግሩትም ልቡ ይጸናል። ይህ በታሪክ ያልተፈጸመ ነገር ነው። ተማሪ በዓይኑ ያየውን ከመጽሐፍ ካነበበው ይልቅ ስለሚያምን፣ ፊልሙን እንዲሁ ማሳየቱ ተገቢ መሆኑን የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ሽምብጥ

ውድ መምህር፣ ፊልሙን ያሳዩ፤ ነገር ግን ጥርጣሬዎ ትክክለኛ ቦታ ላይ ያረፈ መሆኑን ልንገርዎ። የባቡሩ ትዕይንት ጉዳቱ ልብ ወለድ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ውሳኔው የተወሰነበትን ቦታ ከጉባኤ አዳራሽ አውጥቶ ወደ ፉርጎ ማዛወሩ ነው።

በእውነተኛው ታሪክ የጦር ካቢኔው አባላት አምስት ነበሩ፦ ቸርችል፣ ከእርሱ በፊት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ቼምበርሊን፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሃሊፋክስ፣ ከሠራተኛ ፓርቲ ደግሞ አትሊና ግሪንዉድ። ከግንቦት 18 እስከ 20 ቀን 1932 ዓ.ም. ባሉት ሦስት ቀናት እየተሰበሰቡና እየተበተኑ የተከራከሩበት ጉዳይ በጣሊያን አማላጅነት የሰላም ድርድር ይጀመር ወይስ አይጀመር የሚል ነበር። ቸርችል በዚህ ክርክር ውስጥ ያሸነፈው በታላቅ ንግግር ብቻ አልነበረም። ሥልጣን ላይ ከወጣ ገና ሦስት ሳምንት ያልሞላው መሪ ስለነበረ ሃሊፋክስ ሥልጣኑን ቢለቅ መንግሥቱ ሊናጋ ይችል ነበር፤ ቼምበርሊንም አሁንም የወግ አጥባቂው ፓርቲ መሪ ስለነበረ እርሱን ማስከፋት አይችልም ነበር። ስለዚህ ሃሊፋክስን በአትክልት ቦታው ለብቻው አነጋገረው፤ ቼምበርሊንን በአክብሮት ያዘው፤ በመጨረሻም ከጦር ካቢኔው ውጭ ያሉትን ሃያ አምስት ያህል ሚኒስትሮች ሰብስቦ ድጋፋቸውን ካገኘ በኋላ ወደ አምስቱ ተመለሰ። ይህ ትዕግሥትና ስሌት የተሞላበት ፖለቲካ ነው። ፊልሙ የሚኒስትሮቹን ስብሰባ ያሳያል፤ ሆኖም ቸርችል በዚያ ስብሰባ ላይ የባቡር ተሳፋሪዎቹን ስም እየጠራ እንዲናገር ስለሚያደርግ፣ የራሱ የሆነው ብልሃት ከሕዝብ የተዋሰው ድፍረት መስሎ ይታያል። በእኔ አስተያየት ፊልሙ መሪውን ከፍ ለማድረግ ፈልጎ ያሳነሰው እዚህ ላይ ነው።

ሃሊፋክስም ተበድሏል። በፊልሙ እንደ ሴረኛ ቢቀርብም፣ ጥያቄው ግን በዚያ ሳምንት ማንኛውም ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ሊጠይቀው የሚገባ ነበር፤ ከደንከርክ ከ338 ሺህ በላይ ወታደር እንደሚተርፍ በዚያን ጊዜ ማንም አላወቀም።

ጊዮን

በሽምብጥ ሐሳብ በከፊል ብቻ እስማማለሁ። ፊልም ቃለ ጉባኤ አይደለም። ጌሪ ኦልድማን የተጫወተው ቸርችል ሲጠራጠር፣ ሲሳሳት፣ ጸሐፊዋን ሲቆጣና በፈረንሳይ ወደብ በካሌ የተከበበውን ጦር ሳይረዳው እንዲዋጋ ሲያዝ ይታያል፤ መሪ በጦርነት ጊዜ የሰው ሕይወት እየመነዘረ እንደሚወስን ይህን ያህል በግልጽ ያሳየ ፊልም ብዙ አላየሁም። በሐውልትነት የምናውቀውን ሰው የሚፈራ ሰው አድርጎ ማሳየት ትልቅ ሥራ ነው። ባቡሩን በተመለከተ ግን አልከላከልም።

የደጋ ዳሞት

እስካሁን ያልተነሣ አንድ ነገር አለ፤ ለባሕር ዳር ተማሪ ደግሞ ዋናው እርሱ ይመስለኛል። በፊልሙ ውስጥ የሙሶሊኒ ስም የሚነሣው በአማላጅነት ነው። ያ አማላጅ በዚያው ግንቦት ወር አገራችንን በወረራ ይዞ ነበር። እዚሁ ባሕር ዳር የጣሊያን ጦር ሠፍሮ ነበር፤ የጎጃም አርበኞች በየገደሉና በየጫካው ይዋጉ ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ላይ ነበሩ።

ሃሊፋክስ ለኢትዮጵያ አዲስ ሰው አልነበረም። በግንቦት 1930 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባላት ለጣሊያን ወረራ ዕውቅና መስጠት አለመስጠታቸውን እያንዳንዳቸው በራሳቸው እንዲወስኑ በጄኔቭ የተከራከረው እርሱ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ታመው ሳለ በዚያ ተገኝተው ተቃውመዋል። ብሪታንያም በኅዳር 1931 ዓ.ም. ለወረራው በይፋ ዕውቅና ሰጠች። ስለዚህ በ1932ቱ ክርክር ሙሶሊኒን መለመን ሲታሰብ፣ ለአማላጅነቱ የሚከፈለው ዋጋ ከሌሎች አገሮች የሚወሰድ መሆኑ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ቸርችል ራሱ ከዚህ ንጹሕ አልነበረም። በ1919 ዓ.ም. ሮም ሄዶ ሙሶሊኒን በአደባባይ አሞግሶ ነበር፤ በዚያ በክርክሩ ሳምንትም ጂብራልታርን፣ ማልታንና አንዳንድ የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶችን በመስጠት ከመከራው መውጣት ቢቻል ደስ ብሎት እንደሚቀበል መናገሩን ቼምበርሊን በማስታወሻው መዝግቧል። ቸርችል ይህን ያለው ሂትለር እንዲህ ያለ ስምምነት ይሰጣል ብሎ ስላላመነ ነው ቢባልም እንኳ፣ ፊልሙ የሚያሳየን ፈጽሞ የማይበገር ሰው ሙሉ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተማሪዎችዎ ያውቁታል። ጣሊያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጦርነት ስታውጅ ብሪታንያ በጣሊያን ላይ ፊቷን አዞረች፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሱዳን መጡ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ገብተው በጎጃም አቋርጠው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ደረሱ። ፊልሙ ስለ ለንደን ስለሆነ ይህን ባለመናገሩ አልወቅሰውም። ነገር ግን የሃሊፋክስ ሐሳብ በዚያች ሳምንት ቢያሸንፍ ኖሮ፣ ለአርበኞቻችን ከሱዳን በኩል የሚመጣው እርዳታ ይመጣ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ የእኛ መብት ነው።

ዓባይ ማዶ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፊልሙን በሁለት ክፍለ ጊዜ ለማሳየት ወስኛለሁ። ከባቡሩ ትዕይንት በፊት አቁሜ፣ ቸርችል የቀሩትን አራት የጦር ካቢኔ አባላት እንዴት ሊያሳምን እንደሚችል ተማሪዎቹ በጽሑፍ እንዲያቀርቡ አደርጋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሽምብጥ የገለጹትን የሦስት ቀን ክርክር አስረድቼ ትዕይንቱን አሳያቸዋለሁ። የደጋ ዳሞት ያነሡትን ጥያቄ ደግሞ የቤት ሥራ አድርጌ እሰጣለሁ፤ አያቶቻቸው ስለ አርበኝነት ዘመን የነገሯቸው ነገር ካለም አብረው እንዲያመጡ እጠይቃቸዋለሁ።