ካሜራዬ ከደንገል በቀር የሚያሳየኝ ነገር የለም

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ነው የምኖረው። ሌሊት ጓሮ ገብቶ በቆሎዬን የሚግጠው ጉማሬ ይመስለኛል፤ ጎረቤቴ ግን ጃርት ነው ብሎ ድርቅ ብሏል! ለመለየት እንቅስቃሴ ሲኖር በራሱ ፎቶ የሚያነሳ ትንሽ ካሜራ ሾላው ግንድ ላይ አሰርኩ። ችግሩ፣ ቀን ቀን ነፋስ የሚያወዛውዘው ደንገል ሚሞሪውን ይሞላዋል። ሴንሰሩ የሚነቃው የሙቀት ልዩነት ሲንቀሳቀስ ነው፤ ፀሐይ ያሞቀው ደንገል እያታለለው ይሆን? ሌሊት ደግሞ የኢንፍራሬድ መብራቱ ቅርብ ያለ ቅጠል ላይ ያርፍና ፎቶው ነጭ ብቻ ይሆናል። ደንገሉን ማጨድ አልፈልግም፣ ወፎች ጎጆ ሠርተውበታል። የሴንሰሩን ንቃት ዝቅ ባደርገው እንስሳው ያመልጠኛል? ወይስ ፊቱን ከፀሐይ ላዙረው? ከፍ ሰቅዬ ወደ ታች ባዘነብለውስ? የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ጉማሬ ባለበት በጨለማ ወጥቶ ማስተካከል የማይታሰብ ነው።