የውጭ አገር የአውሮፕላን ጥገና ፈቃዴን እንዴት ወደ አገር ቤት ላስለውጥ?

ጠያቂ፦ የቆጪው ልጅ (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዘጠኝ ዓመት አውሮፓ ውስጥ አውሮፕላን ስጠግን ኖሬ፣ እናቴን ለማስታመም ጅማ ከገባሁ 14 ወር ሆነኝ። በእጄ ያለው ክፍል 66 በሚባለው የአውሮፓ ደንብ የተሰጠ የቢ1.1 ፈቃድ ነው፤ ባለተርባይን ሞተር አውሮፕላኖችን ይመለከታል። ኤርባስ 320 ተጽፎበታል። እናቴ አሁን ደህና ናት፤ እኔም ወደ ሙያዬ መመለስ አምሮኛል፣ ግን እዚሁ አገሬ ላይ። ባለፈው ሳምንት አባ ጅፋር አየር ማረፊያ ሄጄ ብጠይቅ ጥበቃው «መንገደኛ ነህ ወይስ ሸኚ?» አለኝ። ከየት ልጀምር?

ሰነድ አገላባጭ

ወንድሜ፣ ጥበቃው አልተሳሳተም፤ አየር ማረፊያ ፈቃድ አይሰጥም። ጉዳይህ ያለው አዲስ አበባ፣ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዘንድ ነው። ግቤን ተሻግረህ 350 ኪሎ ሜትር ከመጓዝህ በፊት ግን የምትጠይቀውን ለይ። ማጽደቅ ሌላ፣ መለወጥ ሌላ። ሲጸድቅልህ የውጭው ፈቃድህ እንዳለ ሆኖ እዚህ እንድትሠራበት ይፈቀድልሃል፤ የውጭው ሲያበቃ ማጽደቂያውም አብሮ ያበቃል። ሲለወጥልህ የውጭው መነሻ ሆኖ የአገሪቱ የራሷ ፈቃድ ይሰጥሃል። አንተ እዚህ ልትኖር ነውና የምትፈልገው ሁለተኛውን ነው። የአውሮፓው ፈቃድ የሚያገለግለው 5 ዓመት ስለሆነ የሚያበቃበትን ቀን ዛሬውኑ እይ።

የአዌቱ ዳር

የእንግሊዝኛ ችሎታ ደረጃ 4 ካልያዘ ማመልከቻውን አይነኩትም ሲባል ሰምቻለሁ።

አሮጌው መካኒክ

ደረጃ 4 የሚጠየቁት በሬዲዮ የሚነጋገሩት አብራሪውና የበረራ ተቆጣጣሪው ናቸው። እኛ ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ነን፤ የጥገና መመሪያውን አንብበህ የሠራኸውን በትክክል መጻፍ ከቻልክ በቂ ነው።

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ያስደነገጠኝ ያ 14 ወር ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት (የቺካጎው) ስለ ሙያ ፈቃድ የሚደነግገው አባሪ 1 እንደሚለው፣ ባለፈቃድ የተጠገነን አውሮፕላን ለበረራ ብቁ ነው ብሎ መፈረም እንዲችል ባለፉት 24 ወራት ውስጥ ቢያንስ 6 ወር በሙያው ላይ መቆየት አለበት። የአውሮፓውም ደንብ ተመሳሳይ ነው። ከ24ቱ ላይ 14ቱን ብትቀንስ 10 ወር ይቀርሃል፤ ለዛሬ ያልፋል። አራት ወር ደግሞ ጅማ ከተቀመጥክ ልክ 6 ላይ ትደርሳለህ። ከዚያ በኋላ ፈቃዱ በእጅህ ይሆናል፣ ፊርማህ ግን አይሠራም።

ዘጠኝ ዓመት አለኝ ብለህም አትዝናና። በአባሪው መሠረት ለፈቃድ ዝቅተኛው ልምድ 4 ዓመት ነው፣ የታወቀ ሥልጠና ለጨረሰ 2 ዓመት። የሚቆጠርልህ ግን የተመዘገበው ብቻ ነው። «የማረፊያ እግር ሠራሁ» ብለህ ከጻፍክ ባዶ ነው። ቀኑ፣ የአውሮፕላኑ መለያ፣ የሥራ ትእዛዙ ቁጥር፣ የመመሪያው ምዕራፍ (32 የማረፊያ እግር፣ 29 ሃይድሮሊክ፣ 72 ሞተሩ ራሱ)፣ የሠራኸው፣ የተቆጣጠረህ ሰው ፊርማና የፈቃድ ቁጥር በየመስመሩ ይኑር። እኔ አንድ ገጽ ላይ ቡና ደፍቼ የተቆጣጣሪዬ ቁጥር ደበዘዘ። ገምጋሚው ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና ሰረዘው። የጅማ ቡና መሆኑ አላማለደኝም።

የቆጪው ልጅ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አራት ወር ብቻ እንደቀረኝ አላሰብኩትም ነበር። ፈተናውስ?

ሰነድ አገላባጭ

በአውሮፓ ያለፍከው 10ኛው ሞጁል (የፈተና ክፍል) የአውሮፓን የአቪዬሽን ሕግ ነው የሚያስተምረው፤ የኢትዮጵያን ደንብ አያውቀውም። ስለዚህ የአየር ሕጉን እንደ አዲስ አጥና። ፈቃድህን የሰጠህም የአውሮፓው የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ ራሱ ሳይሆን የአባል አገሩ ባለሥልጣን መሆኑን አስታውስ። ፈቃድህ እውነተኛ መሆኑን የሚያጣራው ደብዳቤ የሚጻፈው ለዚያ አገር ባለሥልጣን ነው፤ አድራሻውን አስተካክለህ ስጥ።

ሌላው ኤርባስ 320 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እሱን አያበርም፤ ቦይንግ 737ና 787፣ ኤርባስ 350 ነው ያለው። ከተማችሁ የሚያርፈው ዳሽ 8-400 ደግሞ ባለፕሮፔለር ነው። መሠረታዊው ፈቃድ ቢለወጥልህም ለምትፈርምበት አውሮፕላን የዓይነት ሥልጠና (ለዚያ ሞዴል ብቻ የሚሰጥ) ይጠብቅሃል።

የአቪዮኒክስ ሴት

እኔን ያደከመኝ ስሜ ነው። በውጭው ፈቃድ ላይ የአያቴ ስም «የቤተሰብ ስም» ተብሎ ፊት ገባ፤ ዲፕሎማዬ ላይ ደግሞ አያቴ ጭራሽ የሉም። በዚያ ላይ ዲፕሎማው «ሐምሌ 2002» ይላል፣ የሥራ ልምዴ የሚጀምረው በ2010 ነው። የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ያላወቀ ገምጋሚ «በመሃል ያሉትን ስምንት ዓመታት የት ነበሩ?» ብሎ ጻፈልኝ። ባልኖርኩት ዘመን ተጠየቅሁ! ሁለት ወር ፈጀብኝ። አንተ ከመሄድህ በፊት ፓስፖርትህን፣ ፈቃድህንና ዲፕሎማህን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ ፊደል በፊደል አስተያያቸው። ልዩነት ካለ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ የተረጋገጠ ማስረጃ አስቀድመህ አውጣ፤ ትርጉም ላይም ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ።

የቆጪው ልጅ

አሁን አስተያየኋቸው። ፈቃዴ ሊያበቃ 11 ወር ቀርቶታል። የአባቴ ስም ግን ፓስፖርቱ ላይ በሁለት ‘ኤስ’፣ ፈቃዱ ላይ በአንድ ነው። ነገ ማስረጃውን አስጀምሬ ሰኞ በሌሊት አውቶቡስ እሳፈራለሁ።

አሮጌው መካኒክ

መዝገቡን በፕላስቲክ ጠቅልለህ ከጉያህ አድርገው፤ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ከቡናው ጆንያ ጋር እንዳትጭነው።