የእንግዳዋን ቃል የተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ ዘንድሮስ ልሂድ?

ጦሳ ሥር (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደሴ ነው፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። አምና ክረምት በቤተ ክርስቲያናችን የልጆች አገልግሎት በኩል ከውጭ ለመጡ እንግዶች በነጻ አስተርጓሚ ሆኜ ነበር። 11 ነበሩ። ኮምቦልቻ ኤርፖርት ተቀብለናቸው በሐረጎ ዳገት፣ በዚያ ሁሉ ጉም ውስጥ እየተጠማዘዝን ደሴ ገባን። ለ9 ቀን አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ አገለገልን። ጠዋት መዝሙርና ኳስ፣ ከሰዓት ሥዕልና የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እንግዶቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው። ብዙ ወር ገንዘብ አጠራቅመው ነው የመጡት። አንዷ ጡረታ የወጣች ነርስ ነበረች። የልጆቹን የራስ ቁስል በየማለዳው ተንበርክካ በለብታ ውሃ ታጥብ ነበር። እነሱን እንድታሙልኝ አይደለም የጻፍኩት።

የጨነቀኝ ሌላ ነው። 5 ዓመት ያልሞላው አንድ ልጅ አለ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከአንዷ ወጣት እንግዳ እቅፍ አልወርድም አለ። የመጨረሻው ቀን ሚኒባሱ ግቢ ቆሞ ሻንጣ ሲጫን ሹራቧን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅናቸው። እሷ እያለቀሰች "እመለሳለሁ በይልኝ" አለችኝ። እኔም ቁጢጥ ብዬ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ "ትመለሳለች" አልኩት።

የእሷን እንግሊዝኛ አልሰማም። የሰማው የኔን አማርኛ ነው።

እኔ ደግሞ እዚሁ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ፊደል አስቆጥራቸዋለሁ። በሩን ገና ስገባ እየሮጠ ይመጣና መጀመሪያ የሚያየው ከኋላዬ ነው። ከዚያ "ዛሬም አልመጣችም?" ይለኛል። እስከ ጥምቀት ድረስ እንዲህ አለ። ከጥምቀት ወዲህ መጠየቁን ተወ። መተዉ ደግሞ ባሰብኝ።

አሁን ሐምሌ ላይ ሌላ ቡድን ይመጣል። መሪያችን "አንቺ ለምደሽዋል፣ ተዘጋጂ" ብሎኛል። እምቢ ልበል? ወይስ ገብቼ የማስተካክለው ነገር አለ? ወላጅ የሌላቸውን ጠይቁ ተብለናል። ግን መጠየቅ እንዲህ ነው ወይ? የምታውቁ ንገሩኝ።

የቦርከና ልጅ፦

እህቴ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ያደግኩት ማሳደጊያ ውስጥ ነው። ዛሬ ኮምቦልቻ መካኒክ ነኝ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ።

ስንት ቡድን እንደመጣ አላስታውስም። ፊታቸው ሁሉ ተቀላቅሎብኛል። የማልረሳው ዝግጅቱን ነው። ሊመጡ ሲሉ አዲሱ ልብስ ከመጋዘን ይወጣል፤ ሲሄዱ ይመለሳል። እኛም የት ቆመን፣ ማን ላይ ሮጠን መጠምጠም እንዳለብን እናውቅበት ነበር። እንግዶቹ "ፍቅር የሆኑ ልጆች" ይሉናል። እኔ ግን የራሴ የምለው ሰው ስላልነበረኝ ነው ያገኘሁትን ሁሉ የምይዘው። ይኸው ዛሬ የራሴ ልጅ የማያውቀው ሰው ሲመጣ ቀሚስ ሥር ይደበቃል። ሳየው ደስ ይለኛል።

እናት የምላት አንዲት ሴት አለች። እንጀራ ጋጋሪያችን ነበረች። ሊጡ ሲያልቅ ከማሰሮው ጥግ ጠራርጋ እንጎቻ ትጋግራለች፤ ለአንዳችን በቀን አንድ፣ በተራ። የኔ ተራ ማክሰኞ ነበር። ትኩሱን በበርበሬ ለቅልቃ በእጄ ታስይዘኛለች። አንድም ማክሰኞ አልረሳችኝም። ሠርጌ ላይ በእናት ቦታ የተቀመጠችው እሷ ናት።

ስለዚህ ሐምሌን እንደፈለግሽ አድርጊ፣ ቅዳሜን ግን እንዳትተዪ። ለልጁም እውነቱን ንገሪው። መጠየቅ ተወ ማለት ረሳው ማለት አይደለም። በሆዱ ነው የያዘው።

ኡሙ ሒክማ፦

አሰላሙ ዓለይኩም። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እዚሁ ደሴ። እኛም ዘንድ የቲምን መንከባከብ አጅሩ ትልቅ ነው፤ ጉዳዩ ቢያገባኝ አይድነቃችሁ።

የጎረቤቴ እህት በ2014ቱ ጦርነት ሁለት ልጆች ትታ ሞተች። ጎረቤቴ ልጆቹን ወስዳ ማሳደጊያ አስገባች። ጠልታቸው አይደለም፤ የጤፍና የደብተር ነገር ነው። ሦስት ወር ማታ ማታ ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። በኋላ ሰፈሩ ተሰብስቦ በወር በወር እናዋጣለን ስንላት ሄዳ አመጣቻቸው። አሁን ከልጆቼ ጋር ነው የሚጫወቱት።

እና ጥያቄ አለኝ። እዚያ ካሉት ልጆች ዘመድ ያላቸው ስንቶቹ ናቸው? የሙስሊም ቤተሰብ ልጆችስ አሉ? ካሉ፣ ዘመዶቻቸው ስለ ትምህርቱ ያውቃሉ? በክፋት አይደለም። ወሎ ነን፤ ተጠያይቀን ነው የኖርነው።

ሶሻል ወርከሩ፦

በሙያው ያለሁ ሰው ነኝ። እህታችን ያየችው ነገር የብዙ አገር ጭንቀት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በአውሮፓውያኑ 2009 ባጸደቀው መመሪያ በተለይ ከ3 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ማደግ ያለባቸው ቤተሰብ ውስጥ ነው ይላል። በዚያው አቆጣጠር በ2019 ደግሞ በማሳደጊያዎች የሚደረግ የበጎ ፈቃድ ጉብኝት ልጆችን ለብዝበዛ እንዳያጋልጥ አገሮች እንዲጠነቀቁ ጉባኤው በውሳኔው ጥሪ አቅርቧል። ልጅ በየጊዜው ከሚለምደው ሰው ሲነጠቅ ይጎዳል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

እኔ አትሂጂ አልልሽም። አንቺ ብትቀሪ ሌላ አስተርጓሚ ይገባል፣ እሱም "ትመለሳለች" ይላል። ግን ከመምጣታቸው በፊት መሪሽን ያዢው። ቃል ኪዳን አልተረጉምም በይ፤ ከመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩበት። በተለይ "ወደ አገሬ እወስድሃለሁ" የሚል ቢመጣ። ለውጭ ዜጋ ልጅ በጉዲፈቻ መስጠት በ2010 ዓ.ም. በሕግ ቀርቷል፤ ያ ቃል መሬት የሌለው ቃል ነው።

የእንግዶቹ ጉልበት ወደ ሞግዚቶቹ ይሂድ። ነርሷ ቁስሉን ራሷ ከምታጥብ ለሞግዚቶቹ ብታሳይ፣ እሷ ስትሄድ እጁ ይቀራል። ጣሪያ ይጠግኑ፣ አልጋ ይቀቡ። ከልጆቹ ጋር ሲሆኑ ሞግዚት አብራ ትሁን። የሚሄዱበትን ቀን ልጆቹ ገና ሲመጡ ይወቁት። "ዘጠኝ ሌሊት ተኝተን ይሄዳሉ" ብሎ በየማታው አብሮ መቁጠር ነው። ፎቶ ደግሞ ባይነሳ ይሻላል።

ጦሳ ሥር (ጠያቂ)፦

ተባረኩልኝ። ሳምንቱን እንዲህ አሳለፍኩት።

ኡሙ ሒክማ፣ ጥያቄሽ እንቅልፍ ነሳኝ። ሄጄ ኃላፊዋን ጠየቅኩ። መዝገቡን ገልጣ አብረን ቆጠርን። ከ34ቱ 21ዱ እናት ወይም አያት ወይም አክስት አላቸው። ሰባቱ የሙስሊም ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ዘመዶቻቸውን ማንም አልጠየቀም። እኔም አምና አልጠየቅኩም። ያ ልጅ ደግሞ ኩታበር አያት አለችው። ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አላወቅኩም ነበር።

መሪያችን የተስፋውን ነገር ወዲያው ተቀበለ። ነርሷ ሞግዚቶችን እንድታሠለጥንም ዛሬውኑ እጽፍላታለሁ አለ። ስለ ሰባቱ ልጆች ከዘመዶቻቸው ጋር ሳይነጋገር ትምህርት እንደማይጀመር ቃል ገብቶልኛል። ፎቶው ላይ አልተስማማንም። "ሳያዩ ማን ይረዳል?" አለኝ። እሁድ እንደገና እንነጋገራለን፤ አልለቀውም።

ለልጁ ነገርኩት። ደረጃው ላይ አብረን ቁጭ ብለን "አትመጣም። እኔ ሳላውቅ ነው ትመጣለች ያልኩህ። ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩት። ምንም አላለም። ትንሽ ቆይቶ እርሳሱን ሰጠኝና "ጫፉ ተሰብሯል፣ ቅረጪልኝ" አለኝ። ቀረጽኩለት።

ረቡዕ ከኃላፊዋ ጋር ኩታበር አያቱ ጋ እንሄዳለን። ልጁን ለመውሰድ ምን እንደጎደላት መስማት እፈልጋለሁ። ቡና ይዤ ልሄድ ነው ያሰብኩት። ሌላ ምን ልጨምር?

ኡሙ ሒክማ፦

ቡናው ጥሩ ነው። ስኳርና ሳሙና ጨምሪበት። ልጁ የጻፈውን ፊደልም ይዘሽላት ሂጂ።