በጎ ፈቃደኛ በሁለት ወር ለምን ይበተናል?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገን። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ የጣሊያን ዘመን ቤት አለ። በየቅዳሜው ልናጸዳው 14 ሆነን ጀመርን። ባለፈው ቅዳሜ መጥረጊያ ይዘን የተገኘነው ሦስት ነን። ዌልስ ውስጥ ግን ታሊሊን የሚባል የባቡር መስመር ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች ይሠራል አሉ። እነሱ በምን ብልሃት ነው የቆዩት?

የአዘዞ ልጅ፦ የባቡር ፉጨት ሰምተን በማናውቅበት ከተማ ደግሞ ባቡር? ሃሃ። መጀመሪያ ቁርስ አቅርብ፣ በባዶ ሆዱ የሚጠርግ የለም።

ከዌልስ፦ አትቀልድ ባክህ፣ ጥያቄው የምር ነው። ሁለት በጋ እዚያ ሠርቻለሁ። መስመሩ በ1865 የተሠራው ለጣሪያ የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ከተራራ ለማውረድ ነው። ባለቤቱ በ1950 ሲሞት ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር፤ ወዳጆቹ ማኅበር አቋቁመው ያዙት። ያኔ በደህና የምትሄደው ዶልጎክ የምትባል አንዲት ሎኮሞቲቭ ብቻ ነበረች። አሁን ወደ ጥያቄህ። አዲስ ሰው መጀመሪያ ጨርቅ ይሰጠውና ሎኮሞቲቭ ይወለውላል። እጁ እስከ ክርኑ ዘይት ነው። ከዚያ ተምሮ፣ ተፈትኖ ከሰል ጨማሪ ይሆናል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ነጂ። ጨርቅ የያዘው ልጅ የነገ ቦታውን ያያል። አንተ ጋ ግን መጥረጊያ የያዘ ነገም መጥረጊያ ነው የሚይዘው። ደግሞ ሁሉም በነጻ እንዳይመስልህ፦ የቲኬት ገቢ አለ፣ ደሞዝተኞችም አሉ።

ጡረተኛው ግንበኛ፦ ልጄ፣ ልጅቷ እውነቷን ነው። ሙያ ስጧቸው። ኤርትራ የምጽዋ–አስመራን ሐዲድ መልሳ ስትሠራ የጠራችው ጡረተኞቹን ነው፤ እናንተም እኛን ጥሩን እንጂ! የቤቱን ግድግዳ አይቼዋለሁ። አንዱ ጥግ በሲሚንቶ ተለጥፏል። ሲሚንቶ እርጥበቱን ያፍነዋል፣ ከዚያ ድንጋዩ ይላጣል። የሚስማማው ኖራ ነው። አቦካኩን አሳያችኋለሁ።

ሠናይት፦ ቆይ ጋሼ፣ መጀመሪያ ፈቃድ! የባህልና ቱሪዝም ደብዳቤ ሳይያዝ ግድግዳ አይነካም። እኛ ሰፈር በዚህ ሰበብ ስንት ጣጣ አይተናል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ማመልከቻውን ሰኞ አስገባለሁ። ጋሼ፣ ስንት ኩንታል ኖራ ልግዛ?

ጡረተኛው ግንበኛ፦ ኩንታል? ፈቃዱ እስኪመጣ ለመለማመጃ አንድ ባልዲ ይበቃል፣ እኔ ግቢ እናቦካለን። ጓንት ግን አትርሱ፣ ኖራ እጅ ይበላል።